ባሕር አይተው ለማያውቁ የኬጂ ልጆች የባሕር ጨዋታ፦ በሳፋ፣ በአሞሌ፣ በሰፌድና በቆሮሶ

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ኬጂ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው 32 ልጆች አሉ፤ አንዲት ረዳት አለችኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ርዕስ ‹ባሕርና ውቅያኖስ› ነው። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው የመዳሰስ ጨዋታዎች ሁሉ በውሃ የሚያብጥ ዶቃ፣ የጢም መላጫ አረፋ፣ ጄላቲን ወይም ከውጭ የሚመጣ የማይበተን አሸዋ ይጠይቃሉ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው። ባለፈው በዱቄት ስናጫውት ‹በእህል ይቀለዳል ወይ?› ያሉ ወላጆች ነበሩ። ከልጆቹ አንዱም ባሕር አላየም። ምን ላድርግ? መጠኑንም ጭምር ንገሩኝ።»

ምላሽ፦

ከዘረዘሯቸው ዕቃዎች አንዱም አያስፈልግዎትም። ዶቃውንና የመላጫ አረፋውንማ በነፃ ቢሰጡዎትም ወደ ክፍል አያስገቧቸው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እጽፋለሁ። «የባሕር ጨዋታ» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ሰማያዊ ቀለም የተነከረ ፕላስቲክ ነው። እኛ ገበያ ላይ ግን በእርግጥ ከባሕር የመጡ ሁለት ነገሮች አሉ፦ አሞሌ ጨውና ዛጎል። ዓሣውም የሐይቅ ይሁን እንጂ ቅርፊቱም ሽታውም እውነተኛ ነው። ሳምንቱን በእነዚህ ዙሪያ ቢያዋቅሩት ወጪውም ይቀንሳል፣ ልጆቹም የሚነኩት ነገር ስለ ባሕር የሚያስረዳቸው አንዳች ነገር ይኖረዋል። ዮናስን የዋጠውን ትልቅ ዓሣ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም የሰሙ ልጆች አይጠፉም፤ መነሻ ታሪክ ፍለጋ ብዙ አይድከሙ።

ስለ ልጆቹ ቁጥርና ስለ ውሃው

32 ልጆች በአንድ ጊዜ ውሃ ሊያጫውቱ አይችሉም። ስምንት ስምንት አድርገው በአራት ቡድን ይክፈሏቸው። አንድ ቡድን በሁለት ሳፋ ይጫወታል፣ አንድ ሳፋ ላይ አራት ልጅ ማለት ነው። አምስተኛ ልጅ ሲጨመር ክርን ከክርን ይጋጫል፣ ግፊያ ይጀመራል፣ ውሃው ወለል ላይ ይፈስሳል። 15 ደቂቃ ጨዋታ፣ 5 ደቂቃ እጅ ማድረቂያና መቀያየሪያ ቢይዙ በቀን ሁለት ቡድን በ40 ደቂቃ ያልቃል። አራቱንም በአንድ ቀን ለማዳረስ አይሞክሩ፤ ረዳትዎ 24 ልጆች ይዛ 80 ደቂቃ መቆየት አትችልም፣ እርስዎም ከሳፋው አጠገብ መነሳት የለብዎትም።

ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ 10 ሊትር ውሃ ሲገባበት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠልቃል። ከዚህ በላይ አይጨምሩ። ለሁለቱ ሳፋ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ ልጆቹ አስቀድመው እጃቸውን በሳሙና ከታጠቡ ሁለት ቡድን በአንድ ውሃ ሊጫወት ይችላል። እንግዲህ ለክፍሉ በሙሉ በአንድ ዙር ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው የሚወጣው፤ ውሃ በሚመጣበት ቀን ሞልተው ያስቀምጡ። ያስነጠሰበት ወይም የጠጣበት ልጅ ካለ ግን ሳይሰስቱ ይቀይሩት።

5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ሕፃን ልጅ በፊቱ ቢወድቅበት ለመስጠም ይበቃል። ስለዚህ ከሳፋው አጠገብ ሁልጊዜ አንድ አዋቂ ይኑር፣ ጨዋታው እንዳለቀም ውሃው ያኔውኑ ይደፋ። «ከምሳ በኋላ እንቀጥላለን» ተብሎ ጥግ ላይ የተተወ ሳፋ ነው አደጋ የሚያመጣው።

የአዲስ አበባ ውሃ በጠዋት እጅ ያደነዝዛል። ልጆች ከሁለት ደቂቃ በኋላ እጃቸውን ሲያወጡ «ጨዋታው አልወደዱትም» ብለን እንተረጉማለን፤ የበረዳቸው ልጆች ናቸው። ጀሪካኑን ጠዋት ከ2 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ያውጡትና ጨዋታውን ከ4 ሰዓት በኋላ ያድርጉት። ደመና ከሆነ 8 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ 2 ሊትር የፈላ ቢጨምሩ ለብ ይላል። ቀዝቃዛው ይቅደም፣ የፈላው ይከተል፣ ይህም ልጆቹ ወደ ክፍሉ ሳይገቡ ይደረግ።

የሳፋው ውሃ ሰማያዊ እንዲሆን ብለው የምግብ ቀለም አይጨምሩበት። ሳፋውን ሰማያዊ ይግዙት፤ ውሃው ራሱ ሰማያዊ ይመስላል፣ ልብስም አይነካም።

የመጀመሪያው ቀን፦ ባሕር ዳርቻ

የወንዝ አሸዋ ያስፈልግዎታል፤ ለአንድ ሳፋ 3 ኪሎ ገደማ። ግንባታ ካለበት ቦታ ሲወስዱ ሲሚንቶ ያልነካው መሆኑን ያረጋግጡ፣ ሲሚንቶ እርጥብ እጅ ያቃጥላል። በወንፊት ይንፉት፣ ከዚያ ውሃ እየጨመሩ በእጅ እያማሰሉ ይድፉት፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አራት አምስት ጊዜ ይፈጃል። ይህን ከዘለሉት ደቃቁ አፈር ከውሃው ጋር ይቦካና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሳፋው ጭቃ ይሆናል፤ ደረቁን ሲጫወቱበትም አቧራው ይነሳል። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ አሸዋ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል። ግቢው ውስጥ የሚያከማቹት ከሆነ ይክደኑት፤ ድመት ይወደዋል።

አሸዋውን በሳፋው አንድ ጎን ከምረው ቁልቁለት ያድርጉት፣ በሌላው ጎን ውሃ በቀስታ ይጨምሩ። አንድ ልጅ የፕላስቲክ ክዳን ይዞ ውሃውን ቀስ እያለ ይገፋዋል፣ ይመልሰዋል። ማዕበሉ አሸዋውን እየበላ ዳርቻው ሲናድ ልጆቹ ያዩታል፤ ከዚያ መልሰው ይገነቡታል፣ እንደገና ይናዳል። ከዚህ የተለየ «ሥራ» መስጠት አያስፈልግም። በአሸዋ ቅርጽ ማውጣት ከፈለጉ ስምንት ኩባያ አሸዋ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ነው ልኩ። ሲያንስ ይበተናል፣ ሲበዛ ኩባያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

በሁለተኛው ሳፋ ባዶ ውሃ ብቻ ይሁን። ጭልፋ፣ የሻይ ማጥለያ፣ ስፖንጅ፣ ሁለት ኩባያ ያስገቡበት። የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱ ተቆርጦ ሲዘቀዘቅ ጥሩ መቅጃ ይወጣዋል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ስለት ነው፣ በፕላስተር ይጠቅልሉት። ዕቃ አያብዙ። 20 ዕቃ ያለበት ሳፋ ላይ ልጆች ዕቃ ይሻማሉ እንጂ ውሃ አይጫወቱም።

በሁለተኛው ዙር የሚሰምጥና የሚንሳፈፍ ይጨምሩ፦ ጠጠር፣ ማንኪያ፣ ትንሽ ቅል፣ ቅጠል፣ የእንጨት ቁራጭ። ከቻሉ ተረከዝ የሚፈገፈግበትን ቀላል ድንጋይ ያምጡ። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው፣ በአየር ቀዳዳ የተሞላው ነጣ ያለው ድንጋይ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ «ድንጋይ ሁሉ ይሰምጣል» ያለ ልጅ ያን ሲያይ የሚያሳየው ፊት ሌላ ነው። ቀድመው በቤትዎ ይሞክሩት፤ ቀላ ያለውና ከበድ የሚለው ዓይነት ይሰምጣል።

ጨው፦ ከባሕር የቀረልን

እኔ ብሆን ግማሹን ሳምንት ለዚህ እሰጣለሁ። አፋር ውስጥ በአሳሌ አካባቢ የሚቆረጠው አሞሌ ከጥንት ቀይ ባሕር ወደ ዳናክል ዝቅተኛ ሜዳ ገብቶ የነበረ ውሃ ደርቆ የተወው ነው። ቦታው ዛሬም ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ልጁ እጅ ላይ የሚያስቀምጡት ቁራጭ በጣም ያረጀ ባሕር ነው፣ ይህንንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግሩት ይችላሉ፦ «ይሄ ድሮ ባሕር ነበር፤ ውሃው ሄደና ጨው ቀረ።»

ጥሬ ጨው ከሚሸጡት ዘንድ የጡጫ መጠን ያላቸው አራት ቁራጮች ይግዙ። መጀመሪያ ደረቁን ይዳስሱት፦ ይከብዳል፣ ይሻክራል፣ ጫፉ ይወጋል። ከዚያ ከአንዱ ቁራጭ ትንሽ ስባሪ በብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይክተቱና በየጊዜው እያወጡ እንዲነኩት ያድርጉ። ጠርዙ እየለዘበ፣ ገላው እየተንሸራተተ ይሄዳል። አሞሌ ቶሎ አይሟሟም፣ ግማሽ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በአንድ ዙር ውስጥ እንዲያልቅ ከፈለጉ በሙቀጫ ይውቀጡት።

ቀጥሎ ሁለት ኩባያ ያዘጋጁ፣ አንዱ ንጹህ ውሃ፣ ሌላው የባሕር ውሃ። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፣ ቀይ ባሕር ወደ 40 ይጠጋል፤ በቤት ልክ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨው ማለት ነው። በዓይንም በጣትም አይለዩም። ልጆቹ ጥቁር ላስቲክ ወይም ጥቁር ሳህን ላይ ከየኩባያው አንዳንድ ጠብታ ያንጠባጥቡ፣ ሳህኑ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠብታዎቹ ይደርቃሉ፤ የአንዱ ቦታ ባዶ ይሆናል፣ የሌላው ላይ ነጭ ክብ ይቀራል። በጣታቸው ይነኩታል። ሳህኑ ነጭ ከሆነ ምንም አይታይም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ትልልቅ የጨው ፍሬ ማየት ከፈለጉ በአንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨው ያሟሙ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በሚሆን ጥልቀት ጎድጓዳ ሳህን ላይ ያፍስሱና ማንም በማይነቀንቀው ፀሐያማ መስኮት ላይ ለቀናት ይተዉት። በሳህኑ ላይ ስስ ነጠላ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት። የሚነቀነቅ ሳህን ዱቄት የመሰለ ደቃቅ ጨው ነው የሚሰጠው፤ ያልተነካው ግን አራት ማዕዘን የሆኑ ፍሬዎች ያወጣል።

እንቁላል የማንሳፈፍ ሙከራውን በየቦታው ያገኙታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን «ባሕር ላይ እንቁላል ይንሳፈፋል» ተብሎ ይነገራል፣ ስህተት ነው። ትኩስ እንቁላል ቀይ ባሕርም ላይ ይሰምጣል። የሚንሳፈፈው እንደ አሳሌ ሐይቅ ባለ እጅግ ጨዋማ ውሃ ላይ ነው። በግማሽ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨው አሟሙተው ይሞክሩት፣ ካልተነሳ አንድ ማንኪያ ይጨምሩ። እንቁላሉ የቆየ ከሆነ ውስጡ አየር ስለሚበዛ በንጹህ ውሃም ይንሳፈፍና ሙከራው ይበላሻል። አስቀድመው በንጹህ ውሃ ይፈትሹት።

ልጆች ጨዉን መቅመሳቸው አይቀርም። ምላስ ማስነካት አይጎዳም፤ በማንኪያ መዋጥ ግን ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው፣ ስለዚህ የተወቀጠውን ጨው በእርስዎ እጅ ይያዙት። እጁ የቆሰለ ወይም ችፌ ያለበት ልጅ ጨዋማው ውሃ ያቃጥለዋል፤ ለእሱ ጠብታ የማንጠባጠቡን ሥራ ይስጡት።

ዛጎል

ዛጎል በአንቀልባና በቆዳ ጌጥ ላይ ልጆቹ ሳያውቁት ያዩት ይሆናል። ከሚዳሰስበት ምክንያት አንዱ ሁለት ፊት ስላለው ነው፦ ጀርባው እንደ ብርጭቆ ይለሰልሳል፣ ሆዱ ጥርስ ጥርስ ያለው ስንጥቅ ነው። በከረጢት ውስጥ ከጠጠርና ከቁልፍ ጋር ቀላቅለው ሳያዩ በእጅ ብቻ እንዲያወጡት ማድረግ ከሁሉም የተሻለ ጨዋታው ነው። በሳሙና በደንብ ይጠቡት። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል፤ በሽንት ቤት ወረቀት ማጠንጠኛ ካርቶን ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅና ነገር አፉ ለሚከት ልጅ አይሰጥም። ቆጥረው ይስጡ፣ ቆጥረው ይረከቡ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ዛጎል ሲባል ጥንቆላ ትዝ የሚላቸው ወላጆች አሉ። «የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው» ብለው አስቀድመው ቢነግሯቸው ነገሩ ያበቃል።

የማዕበል ድምፅ

ለዚህ ሰፌድ የሚያህል የለም። አንድ ብርጭቆ ሽምብራ ወይም ምስር ሰፌድ ላይ ያድርጉና በሁለት እጅ ይዘው በጣም በዝግታ ወደ አንድ ጎን ያዘንብሉት፣ ፍሬው ተንከባሎ ሲያልቅ ወደ ሌላው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ጋደም ብለው ቢሰሙት ማዕበል ዳርቻ ላይ ሲወጣና ሲመለስ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ምስር ለስላሳ ድምፅ አለው፣ ሽምብራ ሻካራ። ብዙ ፍሬ ካደረጉ ድምፁ ይታፈናል፣ በፍጥነት ካዘነበሉት ደግሞ ይፈስሳል። እህሉ አይረጥብም፣ አይበላሽም፤ ተለቅሞ ወደ ማሰሮ ይመለሳል። «በእህል ይቀለዳል ወይ?» ላሉት ወላጅም ሰፌድ ላይ የሚንከባለል ምስር አዲስ አይሆንባቸውም።

ስለዚሁ ስሞታ ትንሽ ልጨምር። ወላጆቹ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ዱቄት ውሃ አብኩቶ መጣል ብዙ ቤት ነውር ነው፣ ልጁም ቤቱ የማይፈቀድለትን ነገር ክፍል ውስጥ ሲያደርግ ግራ ይገባዋል። በዱቄትና በጨው የሚቦካውን ሊጥ ይተዉትና የሸክላ አፈር ይጠቀሙ። ሸክላ ከሚሠሩ ሰዎች ሁለት ሦስት ኪሎ የተዘጋጀ አፈር ቢገዙ ለ32 ልጅ ትንሽ ትንሽ ይዳረሳል። ዓሣ፣ ኤሊ፣ ኦክቶፐስ ይሠሩበታል፤ ዛጎሉንም አትመው አሻራውን ያወጡበታል። ከሁለት ሴንቲ ሜትር የወፈረው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የኦክቶፐሱ እግሮች እንዳይረግፉ የሚገናኙበትን ቦታ በስንጥር ጫር ጫር አድርጎ ውሃ መቀባት ያስፈልጋል። ከመንገድ ዳር የተቆፈረ አፈር አይጠቀሙ።

ቆሮሶና አምባዛ

ከዓሣ ቤት አንድ ቆሮሶና አንድ አምባዛ ሳይበለቱ ከነሙሉ አካላቸው ይግዙ፣ በዚያው ዕለት ጠዋት። የሐይቅ ዓሣ መሆናቸውን ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ባሕር ውስጥ ያሉትም እንዲሁ ቅርፊትና ክንፍ እንዳላቸው ማሳየት ይበቃል። ሁለት ዓይነት የሚገዙበት ምክንያት ለእጅ ስለሚለያዩ ነው። ቆሮሶ ቅርፊታም ነው፦ ከራስ ወደ ጭራ ሲዳስሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ኋላ ሲመልሱት ይቧጭራል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ገላው ያሙለጨልጫል፣ በአፉ ዙሪያ ረዣዥም ጢም አለው። ቅርፊት ስለሌለው አምባዛን የማይበሉ ቤተሰቦች አሉ፤ መንካትም የማይፈልግ ልጅ ቢኖር ይተዉት።

ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ዓሣዎቹን ሁለት ቦታ ይቁረጡ፦ የቆሮሶውን የጀርባ እሾህ፣ የአምባዛውን ከጭንቅላቱ ጎንና ጎን ያሉትን ሁለት ጠንካራ እሾሆች። ሁለቱም እጅ ይወጋሉ፣ የዓሣ እሾህ የወጋው ቁስል ደግሞ በቀላሉ ያመረቅዛል። ዓሣውን በትሪ ላይ በረዶ ወይም በጣም ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያኑሩት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይም፤ ስለዚህ ይህ ጨዋታ በአምስት አምስት ደቂቃ ዙር ለሁሉም ቡድን በአንድ ቀን ይደረጋል። ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና፣ በሚፈስ ውሃ። ዓሣው ለምግብ አይሆንም።

ሽታውን የሚጠላ ልጅ ይኖራል። አፍንጫውን ይዞ ከሩቅ ቢመለከት ተሳትፏል ማለት ነው።

ዓሣውን ከመጣልዎ በፊት ማተም ይችላሉ። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የያዙትን ዓሣ ለመመዝገብ የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፣ ጊዮታኩ ይሉታል። ቆሮሶው ይመረጣል። ገላውን በትንሽ ጨው አሽተው ልጋጉን ያስወግዱ፣ በሶፍት ጥርግ አድርገው ያድርቁት። መርዝ የሌለበት የልጆች ቀለም ውሃ ሳያበዙ በስፖንጅ ስስ አድርገው ይቀቡት። ስስ ወረቀት ከላይ ያልብሱት፣ ልጁ በመዳፉ ከመሐል ወደ ዳር እየተጫነ ይዳስሰው፣ ከዚያ ከአንድ ጫፍ ይግለጡት። የመጀመሪያው ወረቀት ሁልጊዜ ድፍን ጥቁር ይወጣል፣ ቀለሙ በዝቶ ነው፤ ሳይቀቡ ሁለተኛውን ይደግሙ፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ የሚታየው በሁለተኛው ላይ ነው። ካርቶን የመሰለ ወፍራም ወረቀት አይታጠፍምና ጎኑን አያትምም።

ዓቢይ ጾም ውስጥ ከሆኑ ዓሣው ለመዳሰስ እንጂ ለምግብ እንዳልመጣ ለወላጆች አስቀድመው ይንገሩ።

የሚያሙለጨልጭ ነገር ለሚፈልጉ፦ ተልባ

በጄላቲን ፋንታ ተልባ ነው። ጄላቲን ከእንስሳ ይሠራል፣ ከየትኛው እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሸጊያው ላይ አይጻፍም፤ ለጾመኛውም ለሙስሊሙም ቤተሰብ ጥያቄ ያስነሳል። ግማሽ ኩባያ ያልተፈጨ ተልባ በአራት ኩባያ ውሃ ያፍሉ፣ እያማሰሉ በመለስተኛ እሳት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፤ ከማንኪያው ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ሲንጠለጠል ያውጡት። ትኩሱን ወዲያው በማጥለያ ይጭመቁት፣ ከቀዘቀዘ ወፍሮ አያልፍም። ከቆየ ከበቂ በላይ ይወፍራል፣ በለብ ያለ ውሃ ያቅጥኑት። በደንብ ሲበርድ በትሪ ላይ አፍስሰው የፕላስቲክ ዓሣ ወይም የሸክላ ሥራቸውን ያስገቡበት። ጄሊፊሽ (ገላው የሚያሙለጨልጭ የባሕር እንስሳ) ሲነካ ምን ይመስላል ለሚል ልጅ ከዚህ የቀረበ መልስ የለም። ይህም እህል ነው ለሚሉ ወላጆች እፍኝ ያህል ብቻ እንደሚገባበት ይንገሯቸው፤ ካልተስማሙ ይቅር።

ወለል ላይ የፈሰሰ የተልባ ልጋግ በረዶ ነው፣ አዋቂም ይጥላል። ትሪውን ውጪ፣ ሣር ወይም አፈር ላይ ያድርጉት። ማቀዝቀዣ ካለ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከሸተተ ይጣላል።

በዚፕ በሚዘጋ ወፍራም ከረጢት ውስጥ ሁለት ጭልፋ አድርገው፣ አየሩን አስወጥተው፣ አፉን በሰፊ ፕላስተር ደግመው ቢያሽጉት እጁን ማርጠብ የማይፈልግ ልጅ ከውጭ እየተጫነ ይጫወትበታል። እጁን የማያስገባ ልጅ በየክፍሉ አለ። አያስገድዱት፣ እጁን ይዘው አይንከሩበት፤ አንድ ጊዜ ከተገደደ ሳምንቱን ሙሉ ይርቃል። ጭልፋ ይስጡት፣ ፎጣ በቅርቡ ያስቀምጡለት፣ በደረቅ አሸዋ ያስጀምሩት። ብዙዎቹ በሦስተኛው ቀን በራሳቸው ጣት ያስገባሉ፤ ያላስገባም ልጅ አልወደቀም።

ጠርሙስ ውስጥ ያለ ባሕር

ይህን ለመጨረሻው ቀን ያስቀምጡት፤ ጨዋታው ቶሎ ስለሚያልቅ ከሌላው ያነሰ ጥቅም አለው። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ሁለት ሦስተኛው ውሃ ከሁለት ጠብታ የምግብ ቀለም ጋር፣ ቀሪው ዘይት እስከ አንገቱ። የሚረጋውን የፓልም ዘይት አይጠቀሙ፦ በአዲስ አበባ ጠዋት ነጭ ሆኖ ይረጋና ማዕበሉ ይቆማል። የሱፍ ዘይት ይሁን። ጠርሙሱ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልተለቀለቀ ውሃና ዘይቱ ተደባልቆ ወተት ይመስላል፣ አይጠራምም። ልጆቹ እንዲያዘነብሉት እንጂ እንዳይንጡት ያሳዩዋቸው። ክዳኑን እርስዎ በሱፐር ግሉ ይዝጉት።

ወደ ክፍል የማይገቡት

በውሃ የሚያብጠው ዶቃ ከተዋጠ ሆድ ውስጥ እያደገ አንጀት ይዘጋል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው፣ የሞቱም ሕፃናት አሉ። ታኅሣሥ 2016 ላይ (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2023) አማዞን፣ ዎልማርትና ታርጌት ለልጆች መጫወቻ ተብሎ መሸጡን እንደሚያቆሙ አስታውቀዋል። እኛ ገበያ ላይ ግን ለአበባ ማስቀመጫ ተብሎ ይገኛል። የመላጫ አረፋ ሽቶ አለው፣ ዓይን ያቃጥላል። የባሕር አረፋ ከፈለጉ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዓይን የማይነካ የሕፃናት ሻምፑ ከአራት ማንኪያ ውሃ ጋር በእንቁላል መምቻ ይምቱት፣ ከሦስት አራት ደቂቃ በኋላ ቆሞ የሚቀር አረፋ ይሰጣል። «ባህላዊ ነው» ብለው እንዶድ እንዳይሞክሩ፤ ዓይንና አፍንጫ ክፉኛ ያስቆጣል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎቹ መሞታቸውን ነበር፤ ዓሣም ይገድላል።

በረዶ ውስጥ የታሰረ መጫወቻ ማሟሟትም ይወደዳል፣ ማቀዝቀዣ ካለ ከዋዜማው ማታ በኩባያ ይሠራል። መርፌ በሌለው አዲስ ሲሪንጅ ለብ ያለ ውሃ እየረጩ ያሟሙት። ጨው ከበረዶ ጋር በእጃቸው እንዳያሹ፤ ድብልቁ ከዜሮ በታች ይወርድና ቆዳ ያቃጥላል።

ሲጫወቱ ምን ይባላል

ጥያቄ አያብዙ። «ይሄ ምን ቀለም ነው? ስንት ነው?» የሚል ድምፅ ከላይ ሲመጣ ልጁ እጁን ያቆምና ፊትዎን ማየት ይጀምራል። የሚያደርገውን በቃል ይንገሩት፦ «ሻከረህ»፣ «አሙለጨለጨሽ»፣ «ሰመጠ»፣ «ተንሳፈፈ»፣ «ዳርቻው ተናደ»። ለአንድ ቀን አራት ቃል ይበቃል፣ በማግስቱ ልጆቹ ራሳቸው ሲሏቸው ይሰማሉ።

ለወላጆች በቴሌግራም ግሩፕ ሐሙስ ላይ ይጻፉላቸው፦ የሚረጥብ ነገር እንደሚኖር፣ ቅያሪ ቲሸርት በስም ተጽፎበት እንዲመጣ፣ እጅጌው አጭር እንዲሆን፣ ችፌ ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ እንዲያሳውቁ። ፌስታል ቀዶ እንደ ሽርጥ ማልበስ የተለመደ ነው፣ ግን ትንፋሽ ስለሚያፍን ይቅር፤ የአባት አሮጌ ቲሸርት ይሻላል።

አሸዋ ያለበትን ውሃ ወደ ማጠቢያ ገንዳ አይድፉ፣ ቱቦ ይደፍናል፤ አጥልለው አሸዋውን ያስቀሩ። ንጹሁ የሳፋ ውሃ አበባ ያጠጣል። ጨው ወይም ሻምፑ የገባበት ግን ተክል ስለሚያደርቅ ወደ ሽንት ቤት ይግባ፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ያም አይባክንም።